የጭሱ እንጀራ ይሻላል ለምትሉ

ውስጤ ተቃጥሏል። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

እሁድ እማዬ ቤት ተሰብስበን ነበር፤ እህቶቼ፣ ወንድሜ፣ ልጆቻቸው፣ ሁላችንም። ዶሮ ወጥ ቀረበ። እንጀራው ቅዳሜ ማታ በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ ነው። የእህቴ ልጅ፣ 23 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ሦስቴ እንደጎረሰ «እማምዬ፣ እንጀራ እኮ የጭሱ ነበር። የኤሌክትሪኩ ምንም ጣዕም የለውም» አለ። ወንድሜ ተቀበለው። «እውነቱን ነው! ሁሉ ነገር ማሽን ሆኖ ጣዕሙ ጠፋ።» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እማዬ ምንም አልመለሰችም። ፈገግ ብላ ወጥ ጨመረችላቸው።

ቡናው ሲፈላ ሳያት የለችም። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለስንት ዓመት የዕቃ ማጎሪያ የነበረው አሮጌው ማድ ቤት ተከፍቷል፤ በበሩ ጭስ ይወጣል። ስገባ የ71 ዓመት እናቴ ተንበርክካ፣ ጉልቻው ሥር አጎንብሳ እፍ እፍ ትላለች። ጭራሮው እርጥብ ነው፣ አልያዘላትም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ደግሞ እፍ ትላለች። ስታየኝ ልክ እንዳጠፋ ልጅ ደነገጠች። «ልጁ አማረው እኮ። የተረፈ ሊጥ ነበረ፣ ሁለት ሦስት ላውጣለት ብዬ ነው» አለችኝ።

እጇን ይዤ አስነሳኋት። ሳሎን ገብቼ ጮህኩባቸው። «አካበድሽ» አሉኝ። «ቀልድ እኮ ነው፣ ማን ጋግሪ አላት?» አሉኝ። ማንም አላላትም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሳትባል ነው የሠራችው። እናንተ አማረን ስትሉ እሷ የምትሰማው ተነሺ የሚል ነው። ይህንን 40 ዓመት ያለፈው ወንድሜ እንዴት አያውቅም?

እስቲ ስለዚያ እንጀራ እኔ ልንገራችሁ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት።

ሰፈራችን ሽሮ ሜዳ ነው። እንጨቱን የምንገዛው ከእንጦጦ ከሚወርዱት እናቶች ነበር። ከቁመታቸው የሚበልጥ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ ነው የሚወርዱት። ዛሬም አሉ። ያ የናፈቃችሁ እንጀራ ከነሱ ጀርባ ነው የሚጀምረው። ከዚያ እማዬ ትቀበላለች። እሳቱ ከፍ ካለ ምጣዱ ያራል፣ ዝቅ ካለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ከጉልቻው ፊት አትነሳም። በጎመን ዘር ታስሳለች፣ ሊጡን ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ጎንበስ ብላ ጭራሮ ትማግዳለች። አክንባሎውን ስታነሳ እንፋሎቱ ክንዷን ይመታዋል። የቀኝ ክንዷ ላይ እስካሁን ፀጉር የለም። ሠላሳ እንጀራ ማለት ይህን ሠላሳ ጊዜ ማድረግ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ። ማታ ስታቅፈኝ ፀጉሯ ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ የእናት ሽታ እሱ ይመስለኝ ነበር። ሁልጊዜ ታስላለች። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነው። የእንጀራው ዓይን እንዲበዛ የሷ ዓይን ጠፋ። ዛሬ መርፌ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሚሞተውን ሰው በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ብሎ ገምቶታል። በአንድ ዓመት! ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። በእኛም አገር አብዛኛው ቤት ገና በእንጨትና በኩበት ነው የሚያበስለው። ስለዚህ «የድሮ» አትበሉት። ለብዙ እናት ዛሬ ጠዋት የሆነ ነገር ነው።

ደግሞስ ምኑ ነው የተለወጠው? የኤሌክትሪኩ ምጣድ ያው ሸክላ ነው። ከሥሩ ቦይ ተቦርቡሮ ሽቦ ተቀበረበት፣ በቃ። እርሾው ያው ነው። አብሲቱ ያው ነው። የጋገረችው እጅ ያው የእማዬ እጅ ነው። የቀረው ጭሱ ብቻ ነው። ሽታው ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ያንን ሽታ የከፈለችበትን ሴት ፊት ለፊት እያያችሁ ጣዕም ጠፋ አትበሏት።

ይህ ወሬ ደግሞ አዲስ አይደለም። አያቴ ቡልጋ ነው ያደገችው። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ወፍጮው ላይ አጎንብሳ መጁን ስትገፋ ነው የሚነጋላት። መዳፏ እንደ ጫማ ሶል የደነደነ ነበር፤ ስትዳብሰኝ ይቧጥጠኝ ነበር። አገራቸው ሞተር ወፍጮ የገባ ጊዜ «የሞተር ዱቄት ያረረ ነው፣ እንጀራው አይበላም» ተባለ አሉ። አያቴ ይህን ስታወራ ሁሌ የምትጨምራት ነገር አለች። «እንዲህ ያሉት ወንዶቹ ናቸው። ከኛ ከፈጪዎቹ አንዲትም አላለች።» እስክትሞት ድረስ የወፍጮ ቤት ድምፅ በሰማች ቁጥር «ያመጣውን እግዜር ይስጠው» ትል ነበር። ምርቃቷ ከልቧ ነበር። እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ለየትኛው ማሽን ነው እንዲህ የተመረቀው?

የበለጠ የሚያበግነኝን ልንገራችሁ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን የገባው በ1982 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ደረሰ ተብሎ። ከዚያ ቴፑ ተገዛ። ከዚያ ፍሪጁ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ የገባው በ1993 ዓ.ም. ነው። 11 ዓመት ሙሉ ሳሎን ኳስ ስናይ እማዬ ጓሮ ጭስ ትበላ ነበር። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ብር ሲገኝ ቤቱ ምን ጎደለው ተብሎ ሲታሰብ የሷ ድካም ከጉድለት አልተቆጠረም እንጂ። እሷም አልጠየቀችም። ያ የእህቴ ልጅ ምጣዱ ሲገባ ገና አልተወለደም። ጭሱን አንድ ቀን አላየውም። እንዴት ናፈቀው?

አምና ተዋጥተን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛንላት። ሦስት ወር ዳንቴል ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ቆመ። እሷ አጠገቡ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ታሻለች። «ውሃው በፈረቃ ነው፣ መብራቱ ይቆጥራል፣ ለኔ ብቻ ምን ያደርጋል?» ትላለች። ድሮ እበሳጭባት ነበር፤ አሁን ሳስበው ልቤ ይሰበራል። ድካሟን ማንም ቆጥሮላት ስለማያውቅ እሷም አትቆጥረውም። ለልጆቿ ብርድ ልብስ ከሆነ ግን ማሽኑን ታስነሳዋለች።

ምጣዱን ግን ትወደዋለች። 3,500 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 እንደማብራት ነው። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ ጥሬ እንጀራ ምጣዱ ላይ ይቀራል፤ ሊጡ ይኮመጥጣል። ያኔ እንኳ አትማረርም፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ለሕዳሴው ግድብ ከጡረታዋ ቀንሳ ቦንድ የገዛች ሰው ናት። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አብረን እያየን ነበር። 5,150 ሜጋዋት ሲባል ወደኔ ዞራ «ካሁን በኋላ እየጋገርኩ አይጠፋብኝም ማለት ነው?» አለችኝ። በኤሌክትሪክ ያወቀችው ጸጋ ምጣዱ ነው። ያን ጸጋ ነው እሁድ ዕለት ጣዕም የለውም ያላችሁባት።

ለእህቴ ልጅ ሰኞ ደወልኩለት። አልጮህኩም። እሁድ ማድ ቤት ያየሁትን ብቻ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «አክስቴ፣ አላየሁም እኮ» አለኝ። አዎ፣ አላየም። ቅዳሜ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ጭራሮውን ገዝቼ ጓሮ ደርድሬያለሁ። ምጣዱን እሱ ያሰማል፣ እሳቱን እሱ ይማግዳል፣ ሠላሳውንም እሱ ያወጣል። እማዬ ያን ቀን ጓሮ አትወጣም። ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ናት።