ሙሉ ጉዞ ብላችሁ 14 ደቂቃ?

ትናንት ማታ ሩሲያ ውስጥ ያለው ባይካል ሐይቅ ልደርስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። በባቡር። ማለቴ፣ በስልኬ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ኢርፎን ሰክቼ፣ ሾፌሩ የሚያየውን ሃዲድ እያየሁ። ዛፎቹ ሳሳ አሉ። በግራ በኩል ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። ድንገት አንድ ሰውዬ የጥርስ ሳሙና ይዞ ፈገግ አለልኝ። ማስታወቂያ! እሱ ሲያልቅ ቪዲዮው ሐይቁን በሁለት ሰከንድ ዘሎት ሌላ ጫካ ውስጥ ገብቷል። ባቡሩ እኮ በውሃው ዳር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው!

ይሄ የሳይቤሪያው መስመር ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ 9,289 ኪሎ ሜትር ነው። በእውነተኛው ባቡር ስድስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ገንዘቡም ጊዜውም ስለሌለኝ ነው ተኝቼ የምሄደው። እናንተ የባቡር ቪዲዮ የምትሠሩ ግን «ሙሉ ጉዞ» ብላችሁ 14 ደቂቃ ትለቃላችሁ። የቱ ጋ ነው ሙሉው?

እሺ፣ 14ቱም ደቂቃ የባቡር ቢሆን ምን ነበረበት። አራቱ ቪዲዮውን የቀረጸው ልጅ ፊት ነው። ሻንጣውን ያሳየናል፣ ካልሲውን ያሳየናል። (የፈላ ውሃ ሊቀዳ የሄደባትን ግን ወድጄለታለሁ። ፉርጎው ጫፍ ላይ ሳሞቫር የሚሉት የውሃ ማፍያ አለ፣ ሰው ኩባያውን ይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል። እሷን ሦስት ሰከንድ ሰጣት።) ከዚያ ድሮን። መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ባቡሩን ከሰማይ የሚያየው በምን ተአምር ነው?

ሙዚቃውማ አይነሳ። ፒያኖ፣ ሁሌ ፒያኖ። እኔ የምፈልገው የመንኮራኩሩን ቀጭ ቀጭ ነው። ድልድይ ላይ ሲወጣ ድምፁ ባዶ በርሜል እንደመምታት ይሆናል፣ ሲወርድ ተመልሶ ይደፈናል። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የት እንዳለን የማውቀው በዚያ ነው። እሱን አጥፍታችሁ የሊፍት ሙዚቃ ታስገቡብኛላችሁ።

አይቻልም እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖርዌይ ሕዝብ ቴሌቪዥን የበርገን መስመር 100ኛ ዓመቱን ሲይዝ ከበርገን እስከ ኦስሎ ያለውን ጉዞ ሳይቆርጥ አሳይቷል። ከ7 ሰዓት በላይ! አምስት ሚሊዮን በማይሞላ ሕዝብ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ገባ ወጣ እያለ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጉግልና የሩሲያ ምድር ባቡር የሳይቤሪያውን መስመር 150 ሰዓት ገደማ በሚሆን ቪዲዮ አቅርበውት ነበር። የመንኮራኩር ድምፅ ብትፈልግ ነበር፣ ባላላይካ የሚባለውን የሩሲያ ክራር መሳይ ብትፈልግ ነበር። ምርጫው የአንተ ነበር። ፒያኖ በግድ አልነበረም!

«ምንም የማይታይበትን ቦታ ነው የቆረጥነው» ይላሉ ደግሞ። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ናላርቦር ሜዳ ላይ 478 ኪሎ ሜትር አንዲት መታጠፊያ የሌለው ሃዲድ አለ፣ በዓለም ረጅሙ። ምንም አይታይም፣ አዎ። ሰማይና ቁጥቋጦ ነው። እኔ የመጣሁት እሱን ለማየት ነዋ! አፋጥናችሁ በ20 ሰከንድ ስታሳልፉት መስመሩ ቀጥ ያለ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሌሊቱንማ ጭራሽ ሰርዛችሁታል። ከእናንተ ጋር ስሄድ ስድስቱም ቀን ፀሐይ አይጠልቅም።

ዛሬ ማታ ስፈልግ ስፈልግ አንድ አገኘሁ። ያልተቆረጠ፣ ሙዚቃ የሌለው፣ ፊት የሌለው፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሻይ አፍልቼ መብራት አጠፋሁ። ጉዞው ሁለት ሰዓት እንደሞላው ስክሪኑ ጨለመ፣ ድምፁም ጠፋ። ዋሻ ገባን ብዬ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ። ረጅም ዋሻ ነው አልኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ለካ ኔትወርክ ነው የሄደው።