ፀሐይ በአምፖል

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የቤት እንስሳት መሸጫ የገባ ሐበሻ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት መቆሙ አይቀርም። ውስጡ መዳፍ የማትሞላ ኤሊ አለች። ከበላይዋ ሁለት ዓይነት አምፖል ይበራል፣ ከጎኗ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ተለጥፏል፣ ከፊቷ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ድርቆሽ ተበትኗል። ድርቆሹን ልብ ብሎ ላየው ሰርዶ ነው። ኤሊዋም ባዕድ አይደለችም። ሱልካታ የሚሏት ይህች ዝርያ ከሴኔጋልና ከሞሪታንያ አንሥቶ፣ የሰሐራን ደቡባዊ ጠርዝ ተከትሎ፣ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚዘልቀው ደረቅ ምድር የምትኖር ናት።

ውጭ አገር እንሽላሊትና እባብ፣ ኤሊና እስስት ስም ወጥቶላቸውና ሐኪም ተይዞላቸው ከሰው ጋር እንደሚኖሩ አገር ቤት ያለ ሰው ሲሰማ የጥጋብ ሥራ ይለዋል። ቀረብ ብሎ ያየ ግን እንዲህ ለማለት ይቸግረዋል። ባለቤቶቹ በኤሌክትሪክና በመለኪያ ዓመቱን ሙሉ የሚለፉት እኛ ዘንድ ከሰማይ በነጻ የሚወርደውን ለመተካት ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከፀሐይ ነው። እነዚህ እንስሳት ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ስለሆነ ሣጥኑ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሙቀት ሊኖረው አይገባም። ለሱልካታ በአንዱ ጫፍ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ መሞቂያ፣ በሌላው ጫፍ 26 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ጥላ ያስፈልጋታል። እሷ ራሷ እየተመላለሰች ትመርጣለች። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መለኪያውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ የአየሩን ሙቀት በማንበብ ነው። መለካት ያለበት የምትተኛበት ድንጋይ፣ ያውም ጀርባዋ በሚደርስበት ከፍታ ነው። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ የሌለው ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ ደግሞ ሆዷን ያቃጥላታል፤ ኤሊ ከላይ የሚመጣን ሙቀት እንጂ ከሥር የሚመጣን ሙቀት ቶሎ ዐውቃ አትሸሽም።

ሁለተኛው አምፖል ሥራው ሌላ ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነውን አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ይሰጣል፤ ቆዳዋ በዚህ ጨረር ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል። ዲ3 ከሌለ የበላችው ካልሲየም ሳይዋጥ ያልፋል፣ ሰውነቷም የጎደለውን ከራሷ አጥንት ይወስዳል። ምልክቱን ያየ አይረሳውም፦ መንጋጋዋ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፣ ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። «መስኮት ዳር አስቀምጣታለሁ» የሚል ሰው ይህን አደጋ ራሱ ይጠራዋል፤ የመስኮት መስታወት ያን ጨረር አያሳልፍም። ከዚያም በላይ ፀሐይ የመታው የመስታወት ሣጥን እንደ ምድጃ ይግላል፣ ኤሊዋንም በአጭር ጊዜ ይገድላታል። ይህን ጨረር የሚሰጠው ረጅም ቱቦ አምፖል እንደ ጉልበቱ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይሰቀላል። ከሥሩ የሽቦ ወንፊት ካለ ጨረሩ በብዙ ይቀንሳል። ቱቦው ለዓይን እየበራም ጨረሩ ስለሚደክም በ12 ወሩ ይቀየራል፤ የተገጠመበትን ቀን በእስክሪብቶ ጫፉ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ብልሆች ናቸው። መብራቱ በሰዓት ቆጣሪ ለ12 ሰዓት ይበራል፤ ክረምታቸው ቀኑን ስምንት ሰዓት ሲያደርገው ኤሊዋ የኛን የቀን ርዝመት ይዛ ትቀጥላለች።

ሙቀቱንና ጨረሩን ያሟላ ሁሉ ግን አልተሳካለትም። ለብዙ ዓመታት «የበረሃ ናት» ተብሎ በደረቅ አሸዋ ላይ ስታድግ ቅርፊቷ ጉብታ በጉብታ እየሆነ ያድግ ነበር። ጥፋቱም በፕሮቲን ይሳበብ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የቪየና ተመራማሪዎች ጥናት የሱልካታ ጫጩቶችን በተለያየ እርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን አሳድጎ ሲያነጻጽር፣ ጉብታውን በዋናነት ያመጣው የአየሩ ድርቀት ሆኖ ተገኘ። ነገሩን ከአገሯ ጋር ሲያስተያዩት ግልጽ ነው። በበጋ የተሰነጠቀ መሬት ላይ ኤሊ ያየ ሰው በድርቀት የምትኖር ይመስለዋል፤ ከዕለቱ አብዛኛውን የምታሳልፍበትን ጉድጓድ ግን አያይም። ከመሬት ሥር አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ስለዚህ ጫጩቷ ክዳን ባለው ሣጥን፣ በረጠበ የኮኮናት ገለባ ላይ፣ እርጥበቱ ወደ 80 በመቶ ተጠብቆ ታድጋለች። በየቀኑም ለ20 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ ትነከራለች፤ ውኃው የላይና የታች ቅርፊቷ ከሚጋጠሙበት አይበልጥም። እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ከመጡ ግን ሳንባዋ ይታመማል፤ አፍንጫዋ አረፋ ሲያወጣ፣ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

መኖዋ ቀላል ነው፦ ሣርና ድርቆሽ፣ የበለስ ቁልቋል ቅጠል፣ የካልሲየም ዱቄት። ፍራፍሬ ሆዷን ያበላሻል፣ የውሻ መኖ ኩላሊቷን ይጎዳል።

ከባዱ ጥያቄ መጠኗ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ይህን የሚነግር ሻጭ ጥቂት ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር የነበረችው ጫጩት አድጋ ከ45 ኪሎ ልታልፍ ትችላለች። ከአጥር ሥር ትቆፍራለች፣ በር ትገፋለች፣ ደጋግማ እንቁላል ትጥላለች። እንደ አውሮፓ ኤሊዎች ክረምቱን ተኝታ ስለማታሳልፍ በብርድ አገር የሚሞቅ ቤት ይሠራላታል። ከባለቤቷ በላይ ልትኖር ስለምትችል ለማን እንደምትተላለፍ ኑዛዜ ላይ የሚያሰፍሩ አሉ። ይህን ያላሰቡት ደግሞ መጠለያዎችን በሱልካታ ሞልተዋል፤ በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ይህ የታወቀ ችግር ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። አሜሪካ ኤሊዎቹ ከብት የሚገድል በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ይዘው እንዳይገቡ ብላ በ2000 እ.ኤ.አ. ሱልካታን ማስገባት ከለከለች። በዚያው ዓመት በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ከዱር ለንግድ የሚወጣው ኮታ ዜሮ ሆነ። ስለዚህ በሱቆቹ ያሉት በአብዛኛው እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው። በሰው ጓሮ ቦታ እስኪጠፋ የተትረፈረፈችው ኤሊ በትውልድ ምድሯ የመጥፋት አደጋ አንዣቦባታል።

የእስስት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በውጭ አገር ቤቶች የምትዘወተረው የየመን እስስት ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣች ናት። ውኃ በሳሕን ቢያስቀምጡላት ብዙ ጊዜ አታየውም፤ ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ትልሳለችና ባለቤቷ ጠዋትና ማታ ቅጠሉን ይረጫል። ሴቷ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ስለምትይዝ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ ካላገኘች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይገድላታል። እኛ ጋ ደግሞ በባሌ ተራሮች እንጂ በዓለም ሌላ ቦታ የማትገኝ ባለ ሁለት ቀንድ እስስት አለች። ብዙ ሰው ግን እስስትን የሚያውቃት ለወላዋይ ሰው በሰጠነው ስም ነው፤ መርዛማ ናት ብሎ ድንጋይ የሚወረውርም አለ። እስስት መርዝ የላትም። ጠዋት ጠቁራ የምትታየውም ሙቀት ቶሎ እንዲገባላት ነው።

ይህን ያነበበ ሁሉ ኤሊ ከሜዳ አንሥቶ ግቢው ያስገባ ማለት አይደለም። በአገራችን ሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል፣ ቅርፊቷ ላይ ሊኖር የሚችለው ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያም ሕፃናትን ያሳምማል። ከውጭ ልንወስደው የሚገባን ጥንቃቄውን ነው። መንገድ የምታቋርጥ ኤሊ ያየ አሽከርካሪ በሁለት እጁ ከግራና ከቀኝ ይያዛት። ሳያዘነብል፣ ከመሬት ብዙም ሳያርቅ፣ ፊቷን ወዳዞረችበት አቅጣጫ ያሻግራት፤ ወደ መጣችበት ከመለሳት ዞራ መንገዱ ላይ ትገባለች። ቀስ ብሎ መያዙም ምክንያት አለው። ስትደነግጥ ሽንቷን ትለቃለች፣ በበጋ ደግሞ ፊኛዋ ውስጥ ያለው ውኃ እስከ ዝናቡ የምትቆይበት ስንቋ ነው።