«ማኅበሩ ሞልቷል» አትበሉን

ከፒያሳ ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባሁት በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ነው። ቤቱ አይከፋም። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ጣጣውን ጉልበቴ ያውቀዋል። ግን የራሴ መጸዳጃ አለኝ፤ ፒያሳ በጋራ ነበር የምንጠቀመው። ስለዚህ ቤት አጣሁ ብዬ አላማርርም። ያጣሁት ሰንበቴዬን ነው።

ከ30 ዓመት በላይ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ ግቢ ሰንበቴ ቤት እንቀመጥ ነበር። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የታመመ ይጠየቃል። ሁለት እሑድ ከቀረሁ በሦስተኛው ሳምንት በሬ ይንኳኳል። የሚያንኳኳው ሰው ሊቆጣኝ ይምጣ ሊጠይቀኝ አይታወቅም።

አዲሱ ሰፈር ግን ዓመት ሙሉ አስቀድሼ፣ ጠበል ጠጥቼ፣ ማንም ስሜን ሳይጠይቀኝ ተመልሻለሁ። ለሕንፃው በየሳምንቱ ተጠይቄያለሁ። ጥላ ተዘቅዝቆ ይዞራል፣ ሲሚንቶ ስንት እንደገባ በማይክ ይነገራል። አልቃወምም፤ ዝናብ ሲመጣ የምንደበደበው እኛው ነን። ግን ለሲሚንቶ ይህን ያህል ድምፅ ያለው ደብር «አዲስ የመጣችሁ አላችሁ?» የሚል አንድ ሰው እንዴት ያጣል?

ራሴ ሄጄ የማርያም ማኅበር ጠየቅሁ። «እማማ፣ ሞልቷል» አሉኝ። 12 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ወር ይደርሰዋል፣ ዓመቱ ይዘጋል። ሒሳቡ ይገባኛል። ቢሆንም በሐዋርያት ቁጥር የቆመ ማኅበር ቁጥሩን በር መዝጊያ ሲያደርገው ትንሽ ያስቃል። እድሩማ የጠየቀኝ መግቢያ ከጡረታዬ ጋር ሲተያይ፣ ለመሞት ሌላ ሰፈር ልፈልግ ወይ አሰኝቶኛል።

ስለዚህ በወር በወሩ፣ በ23፣ ወደ ቀድሞው ደብሬ እመላለስ ነበር። ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ። ክረምት ሲገባ እግሬ እምቢ አለ። የንስሐ አባቴ ናቸው የቆረጡልኝ። «ልጄ፣ እኔም አርጅቻለሁ። ታመሽ ብታስጠሪኝ ስንት ታክሲ ቀይሬ ነው የምደርሰው? እዚያው አባት ያዢ» ብለው አሰናበቱኝ። ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ ልጅ አለች። አንድ እሑድ፣ «እማማ፣ ሰንበቴ ገብተዋል?» አለችኝ። ማን አስገብቶኝ ስላት ዕቃዋን ለጓደኛዋ አደራ ብላ እጄን ይዛ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ወዳለች የቆርቆሮ ቤት ወሰደችኝ። ሙሴው፣ የሰንበቴው መሪ፣ ስሜን ከነክርስትና ስሜ ጻፉ። ከዚያ መዝገቡን ገልጠው፣ «ተራዎ ጥቅምት ላይ ነው» አሉኝ።

ያቺ ቃል ውስጤ ገባች። በዚህ ዕድሜ ሰው ሁሉ «ይቀመጡ፣ አይድከሙ» ይለናል። ደግነት ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ሲበዛ ግን ከሰው ተራ ያስወጣል። እኒህ ሰውዬ ዳቦ ጋግሪ አሉኝ!

ጥቅምት ደረሰ። ድፎውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋገርኩ፤ መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። ኮባ ፍለጋ ግማሽ ቀን ዞሬያለሁ። ጠላ በኮንዶሚኒየም አይታሰብም። ጋን የት ይቀመጣል? በጋራ መገልገያው ቤት፣ በኮሙናሉ፣ በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቁ አሉ፤ እኔ አልደፈርኩም። ሰንበቴው ይህን አስቦ ብርዝም ይበቃል ብሏል፣ አስተዋዮች ናቸው። ዳቦውን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከአራተኛ ፎቅ አወረዱት። ትንሽ አርሮ ነበር። ማንም አላነሣብኝም፣ አንዲት ሴትዮ በቀር።

ይህን የምጽፈው ለሰበካ ጉባኤዎችና ለማኅበራት ነው። ስመዘገብ የቤት ቁጥሬንና ወርኃዊ መዋጮዬን ጠይቃችሁኛል። «የንስሐ አባት አለዎት? ሰንበቴ ገብተዋል?» የሚል አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ይጎድልባችኋል? አንዳንዱ ሽማግሌ የንስሐ አባቱ ከተማ መሐል ቀርተው፣ ሲታመም ማንን እንደሚያስጠራ አያውቅም። ማኅበሩም ከሞላ ሁለት ነባሮች ወጥተው ሌላ ይጀምሩ። እድሩም ለጡረተኛ መግቢያውን በየወሩ ይቀበል።

«ቤተ ክርስቲያን የሚኬደው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው አይደለም» የሚሉኝ አሉ። ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ አለዚያም ማኅበራቸው የሞላላቸው።

ባለፈው እሑድ አጥሩ ሥር ጋቢ የለበሱ አዛውንት አየሁ። ከካዛንቺስ ከተነሡት ናቸው አሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ መሬቱን ተሳልመው ብቻቸውን ወጡ። እኔም ብርዝ ለመቅዳት ስጣደፍ ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።