ማስተካከያ፦ ስለ ፒትስበርጉ ሲቪክ አሬና
በአሜሪካ ስላለችው ፒትስበርግ ከተማ የስፖርትና የትርኢት አዳራሽ፣ ስለ ሲቪክ አሬና፣ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ አዳራሹ ፔንግዊንስ ለተባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ታስቦ እንደተሠራ መግለጻችን ስሕተት ነው። አዳራሹ የተከፈተው በ1961 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ፔንግዊንስ መጫወት የጀመረው በ1967 ነው። ዝነኛው ተንሸራታች ጣሪያ የታሰበው የከተማዋ የቀላል ኦፔራ (አዝናኝ የሙዚቃ ድራማ) ማኅበር በበጋ ምሽት ከሰማይ በታች ትርኢቱን እንዲያሳይ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እንዲጠለል ነበር። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ይነሣ እንደነበር መጻፋችንም ትክክል አይደለም፤ ከማይዝግ ብረት ከተሠሩት 8 ክፍሎች ሁለቱ ቋሚ ነበሩ፣ የቀሩት ስድስቱ እየተንሸራተቱ ከእነርሱ ጋር ይደራረቡ ነበር፤ ክብደቱን የሚሸከመው ከውጭ የተተከለ ግዙፍ የብረት ክንድ ስለነበረ በውስጥ አንድም ምሰሶ አልነበረም።

ከሁሉም የሚያሳፍረን ግን ቦታውን «ባዶ መሬት» ማለታችን ነው። ለግንባታውና ለአካባቢው መልሶ ማልማት ሲባል፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ 8,000 ያህል ሰዎች ከሂል ዲስትሪክት ሠፈር እንዲነሡ ተደርጓል።

አዳራሹ በ2010 ተዘግቶ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የፈረሰውም እንዳልነው በፈንጂ ሳይሆን ክፍል በክፍል እየተነቀለ ነው።