እጁን የሚፈታለት ጓደኛ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጎረቤታችን የሆነ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቡና ሲፈላ ከእናቱ ጋር ሲያወራ አይቼ አልጠግብም። አዎ፣ ሲያወራ። እጁን እንደ ነጠላ ጭንቅላቱ ላይ ካዞረ አያቱ ናቸው። በሁለት እጁ መሪ ይዞ ከጠመዘዘ ባጃጅ ነው። አያት፣ ባጃጅ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ በሩ፦ አያቴ በባጃጅ መጡ።

ይህን ማንም አላስተማረውም። ራሱ ነው የፈጠረው። ሱዛን ጎልዲን ሜዶው የምትባል ተመራማሪ አሜሪካና ታይዋን (የገበያችንን ሳይሆን ደሴቲቱን ማለቴ ነው) እንዲህ ያሉ ልጆችን አጥንታለች። የልጆቹ ምልክት ከእናቶቻቸው ምልክት ይልቅ ሥርዓት ነበረው። በሁለቱ አገር ያሉት ልጆች ሳይተዋወቁ የምልክቶቻቸው አደራደር ይመሳሰል ነበር።

ግን ከግቢው በር ሲወጣ ምልክቱ ዋጋ የለውም። መጋላ ላይ ማን ይረዳዋል? አንዳንድ ጎረቤት እናቱን "አቦ፣ በእጅ ካስለመድሽው አፉን አይፈታም" ይላታል። ይህ ስህተት ነው። የእሷም "እኛ እንግባባለን፣ ይበቃናል" ልክ አይመስለኝም።

መካከለኛው አሜሪካ ባለችው ኒካራጓ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋና ከተማዋ ማናጓ ላይ አንድ ልዩ ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ሲከፈት የገቡት 50 ያህል ነበሩ። በ1983 በሁለት ትምህርት ቤቶች ቁጥራቸው ወደ 400 ደረሰ። እያንዳንዱ የየቤቱን ምልክት ይዞ ነው የመጣው። መምህራኑ ስፓኒሽ በከንፈር ንባብ ሊያስተምሯቸው ለፉ፤ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በእረፍት ሰዓትና በአውቶብስ ውስጥ ምልክታቸውን ቀላቀሉት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዋ አን ሴንጋስና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ አንድ ነገር ከዳገት እየተንከባለለ ሲወርድ መጀመሪያ የገቡት በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ያሳዩታል። በኋላ በልጅነታቸው የገቡት ግን መንከባለሉን ለብቻ፣ መውረዱን ለብቻ ያደርጉታል። እኛ "ተንከባሎ ወረደ" እንደምንለው ማለት ነው። ታናናሾቹ ከታላላቆቹ የተቀበሉትን አሻሻሉት። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ የመጡት ግን እንደ ታናናሾቹ አልተካኑበትም። ስለዚህ "ትንሽ ይደግና" እያሉ መጠበቅ ልጁን ይጎዳል።

የእኛ ልጆች ከባዶ መጀመር የለባቸውም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አለ። የጣት ፊደሉ እንኳን የራሳችን ነው፤ የጣቱ ቅርጽ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ያሳያል። የጎደለው ልጆቹን ማገናኘት ነው። ድሬ ያደገ ልጅ ኦሮምኛና ሶማልኛውን ከማን ለመደ? ከሰፈር ልጅ፣ ኳስ ሲጫወት። መስማት የተሳነው ልጅም የራሱ የሰፈር ልጅ ያስፈልገዋል። ቀበሌው በሳምንት አንድ ከሰዓት አንድ አዳራሽ ይክፈት። ምልክት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ መስማት የተሳናቸው ትልልቅ ሰዎች ይምጡ። ወላጆችም አብረው ይማሩ።

ባለፈው ወር የጎረቤታችን ልጅ እናት ቀፊራ ገበያ ላይ መስማት የተሳናት ልጅ ካላት ሴት ጋር ተዋወቀች። ሁለቱን ልጆች ግቢያችን ውስጥ አጫወቷቸው። ሲመሽ ልጅቷ ሄደች። በማግስቱ ልጁ እናቱን ቀሚሷን ጎትቶ አንድ እጁን ብቻ ፈጠን አድርጎ ጠመዘዘ። እናቱ አልገባትም። ደገመላት። ባጃጅ ማለቱ ነበር፤ ልጅቷ ዘንድ ውሰጂኝ እያላት።