መደርደሪያውን ተዉት፣ ተሳቢውን አምጡ

«ጥናቶቻችሁ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰዋል፤ ወደ መሬት አውርዷቸው።» ሰሞኑን አንድ ባለሥልጣን በአንድ የምርምር ጉባኤ መክፈቻ ላይ ይህን ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። መድኃኒቱም እዚያው ታዘዘ፦ ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ጥናት ሁለት ገጽ «ፖሊሲ ብሪፍ»፣ ማለትም ለውሳኔ ሰጪ የሚጻፍ አጭር ማጠቃለያ፣ ይዘጋጅለት። የወረዳና የክልል ኃላፊዎች ረጅም ጽሑፍ የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም ተባለ።

እንግዲያው ሁለት ገጽም ይበዛባቸዋል። ለአሲዳማ ማሳ ምን ያህል ኖራ፣ ማለትም አሲዱን የሚያበርድ የተፈጨ ድንጋይ፣ እንደሚያስፈልግ ለመናገር አንድ መስመር ይበቃል። መስመሩም ከተጻፈ ቆይቷል፤ ሆለታ ብትጠይቁ፣ ጅማ ብትጠይቁ፣ ባሕር ዳር ብትጠይቁ ተመራማሪው የሚነግራችሁ ያንኑ ነው።

የአፈሩ ነገር ምስጢር አይደለም። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ መሆኑ በየመድረኩ ይጠቀሳል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያጫጨዋል፤ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። መፍትሔው ከማሳው 15 ወይም 20 ቦታ ላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ አፈር ማንሳት፣ ማደባለቅና አንድ ኪሎ ያህሉን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ላቦራቶሪው ተለዋዋጭ አሲድነቱን፣ ማለትም ኖራው ሊያበርደው የሚገባውን አሲድ፣ ለክቶ 2 ሴንቲሞል በኪሎ ካለ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 1.2 የአፈር እፍጋት ይዛችሁ፣ በተለመደው የማስተካከያ ቁጥር 1.5 አባዝታችሁ ስታሰሉት ለሄክታር 27 ኩንታል ይመጣል። በቃ፣ ሳይንሱ ይኸው ነው።

አሁን 27ቱን ኩንታል ተሸከሙት።

ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያለው የባንጃ ገበሬ 13 ኩንታል ተኩል ያስፈልገዋል። አህያው ግማሽ ኩንታል ቢችል ከመጋዘን እስከ ማሳ 27 ጊዜ መመላለስ አለበት። ለዚያው ማሳ ማዳበሪያ በሄክታር ሁለት ኩንታል ቢሰላ ሁለት የአህያ ጭነት ይበቃል። የግብርና ሥርዓታችን በሙሉ፣ ከወደብ እስከ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን፣ የተሠራው ለዚህ ሁለት ጭነት ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ 500 ሄክታር ይታከም ብትሉ 13,500 ኩንታል ነው፤ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ 34 ጊዜ መምጣት አለበት። ደጀን ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ባንጃ አጠገብ ያለችው እንጅባራ እስኪደርስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ድንጋዩ ርካሽ ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው ጎማው ነው። የትኛው ፖሊሲ ብሪፍ ነው ነዳጅ የሚሞላው?

ቀኑ ደግሞ አለ። ኖራ እንደ ዩሪያ ሰብል ላይ የሚበተን ነገር አይደለም። ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ አፈሩ እርጥበት ሲኖረው፣ በእርሻ ተገልብጦ መቀላቀል አለበት። ሐምሌ ላይ ለሚዘራ ጤፍ በግንቦት ማሳው ላይ መገኘት አለበት፤ መንገዱ ደረቅ የሚሆነው እስከ ሚያዝያ ነው፤ ስለዚህ የአፈር ናሙናው በታኅሣሥ፣ አዝመራው እንደተሰበሰበ መነሳት ነበረበት። የበጀት ዓመቱ ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጨረታ፣ ቅሬታ፣ ድጋሚ ጨረታ ሲባል በጋው ያልቃል፤ ሰኔ 30 ሲቃረብ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ግዢው ይጣደፋል። አቧራ የለበሰው መደርደሪያው ሳይሆን የግዢ ክፍሉ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ከዚህ አያመልጥም፤ የማስተርስ ተማሪው ናሙናውን ሲመቸው ያነሳል፣ ውጤቱን ሰኔ ላይ አዳራሽ ውስጥ ያቀርባል፣ ናሙናው የተነሳበት ማሳ ባለቤት ፒኤቹ ስንት እንደሆነ ሳይሰማ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ በዚያው መድረክ «የአርሶ አደሩ አዲስ ነገር የመቀበል ችግር» የተነሳው። ይህን የሚል ሰው አዊ ዞን ሄዶ ፋግታ ለኮማ ወረዳን ይይ። የአዊ ገበሬ አሲድ የበላውን መሬት ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎበታል። ችግኙን ራሱ ያፈላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት በመሐሉ ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ መልሶ ይተክላል። ቀበሌ ከቀበሌ እየተያየ ነው የተዛመተው። መቀበል ያቃተው ገበሬ ይህን ያደርጋል? ዲከረንሱን የዝገት በሽታ ሲመታው ደግሞ ተመራማሪ የሚፈለግበት ሰዓት ያ ነበር፤ ሁለት ገጽ ወረቀት የሚፈለግበት አልነበረም።

ገበሬው ኖራን እንቢ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ ግን ከኃላፊዎቹ በተሻለ ሒሳብ ማወቁ ነው። የኖራ ጥቅም ከአንድ ዓመት አልፎ ይሄዳል። መሬቱን በእኩል ወይም በአንድ ዓመት ኮንትራት የያዘ ሰው ሌላው የሚያጭደውን ጥቅም ለምን በራሱ ገንዘብ ይቀብራል? ኖራውን ማሳው ላይ ሁሉ ከመበተን ይልቅ በዘሩ መስመር ብቻ ጨምሮ መጠኑን ወደ ሩብ ማውረድ ይቻላል፤ ለኮንትራት አራሹ የሚሻለው ይህ ነው። ይህን ልዩነት ግን ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ የአፈር ባለሙያ አላየንም።

አዎ፣ መደርደሪያ የሚገባው ጥናት አለ፤ ለማዕረግ ዕድገት ተጽፎ ለማዕረግ ዕድገት ያገለገለ። እሱ መደርደሪያው ላይ ይቆይ፣ ማንንም አልጎዳም።

ትስስሩ ጠፋ ሲባል ደግሞ ማን እንደቆረጠው ማስታወስ ደግ ነው። የዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን፣ ማለትም ዕውቀቱን ለገበሬው የማድረስ ሥራን፣ በአንድ እጅ ይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ የልማት ሠራተኛው አለቃ ሌላ፣ የመምህሩ አለቃ ሌላ ነው። ያን ያደረገው የመንግሥት ውሳኔ እንጂ የመምህራን ስንፍና አልነበረም፤ ዛሬ ግን ውሳኔ ሰጪው አዳራሽ ገብቶ መምህራኑን ይገሥጻል።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ በሚቀጥለው ጉባኤ ይዘው እንዲመጡ የሚጠበቀው ንግግር አይደለም። በታኅሣሥ ናሙና የሚያነሳው ማን ነው? የላቦራቶሪው ውጤት በጥር የሚደርሰው የትኛው የወረዳ ጠረጴዛ ላይ ነው? የኖራው የትራንስፖርት ገንዘብ በየትኛው የበጀት ርዕስ ተይዟል? ሰኔ መጨረሻ ላይ የመጣ ኖራ መጋዘን ስለማይበቃው ከበር ላይ ይቆለላል፤ ክረምቱ ያርሰዋል፣ በመስከረም ጆንያው ሲከፈት እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይገኛል፤ ለማፍረስ ደግሞ መዶሻ ያስፈልጋል።