መርፌዬን ይዛ የጠፋችው ሴትዮ

ዛሬ የምወቅሳት ሴት አለች። እዚሁ ቤት ነው የምትኖረው። ልብሴን ትለብሳለች፣ አልጋዬ ላይ ትተኛለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ግራጫ ሹራብ ጀመረች። ጀርባውን ጨረሰች፣ ፊቱን ግማሽ አደረሰች፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወረችውና ሄደች። አዎ፣ እኔው ነኝ። ግን እመኑኝ፣ አላውቃትም።

ባለፈው ሳምንት ተነሣሣሁ። "ከእንግዲህ አዲስ ክር አልገዛም፤ መጀመሪያ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ" ብዬ ማልኩ። ይህን መሐላ ስምል የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ክሮቹ ይመስክሩ። ፌስታሉን ፈታሁ። ሹራቡ አለ። ክሩ አለ። መርፌው የለም።

ሹራብ ሠርታችሁ ለማታውቁ ነገሩን ላስረዳ። በኪሮሽ ስትሠሩ በማንኛውም ሰዓት ክፍት የሆነው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። እሱን በመርፌ ቁልፍ ከያዛችሁት ሌላው የትም አይሄድም። ሹራብ ግን እንዲህ አያዝንላችሁም። መስመሩ ላይ ያሉት ቀለበቶች በሙሉ ክፍት ናቸው። የእኔዎቹ 110 ናቸው። ሁሉም መርፌው ላይ ተንጠልጥለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። መርፌውን ከነቀላችሁት እያንዳንዷ ቀለበት ቁልቁል ልትተረተር ተዘጋጅታለች ማለት ነው።

ሴትዮዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ 110ሩንም በስስ ክር ሰክታ፣ ጫፉን ቋጥራ፣ መርፌውን ይዛ ተሰወረች። ሌላ ነገር ልትጀምርበት! የመርፌውን ቁጥር፣ ማለትም ውፍረቱን፣ አልጻፈችም። ስንተኛው መስመር ላይ እንዳቆመች አልጻፈች። ምንም አልተወችም ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል፤ ፌስታሉ ሥር አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። "38፣ ከዚያ እንደ በፊቱ" ትላለች።

38 ምን? እንደ የትኛው በፊቱ?

መስመሮቹን ልቆጥር ተቀመጥኩ። ግራጫ ክር በማታ መብራት መቁጠር እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። በመርፌ ጫፍ እየነካሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ 61 ላይ ስደርስ እህቴ በሩን ከፍታ "ቻርጀሬን አይተሻል?" አለችኝ። በቃ። እንደገና ከአንድ። ሁለተኛው ቆጠራ 64 አለኝ፣ ሦስተኛው 62። አራተኛውን ተውኩት።

ከዚያ መርፌ ፍለጋ ገባሁ። መሳቢያው ውስጥ ተመሳሳይ የሚመስል ጥንድ አገኘሁ። ቁጥሩ በብዙ እጅ ታሽቶ ጠፍቷል። ጣቶቼ መሃል አሽከረከርኩት፣ በዓይኔ ለካሁት፣ "ይሄው ነው" አልኩ። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ወደ መርፌው መለስኩ። ሁለቷ አምልጠውኝ ሦስት መስመር ወረዱ፤ በኪሮሽ እየጎተትኩ መለስኳቸው። እስከዚህ ድረስ ኩራት ነበረኝ።

ሦስት ማታ ሠራሁ። እጄ ሥራውን አስታወሰ፤ ደስ ይል ነበር። በሦስተኛው ማታ ሥራዬን ለማድነቅ ፊቱን በጀርባው ላይ አነጠፍኩት። ከታች እኩል ነው። እኔ ከቀጠልኩበት ጀምሮ ግን ግራና ቀኝ እየሰፋ እንደ ቀሚስ ተዘርግቷል። እህቴ አየችውና "እርጉዝ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። በጣም ቁም ነገር አስመስላ ነው የጠየቀችው።

መለኪያ አመጣሁ። የድሮው ሥራ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 ቀለበት አለው። የእኔ የሦስት ማታ ልፋት 20 ነው። ሁለት ቀለበት ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ግን 110 ቀለበት በመጀመሪያው ሒሳብ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ በሁለተኛው 55። የአንዱ ሹራብ ጀርባ 50፣ ፊቱ 55! ምክንያቱ ሲጣራ ያች ሴትዮ ትሠራ የነበረው በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ነው፤ የእኔው ግን 4.5 ኖሯል። ግማሽ ሚሊ ሜትር። በዓይን የማትታይ ነገር ሦስት ማታዬን በላችው።

በነገራችን ላይ መርፌው ትክክለኛው ቢሆን እንኳ ነገሩ አስተማማኝ አይደለም። ሰው ሲበሳጭ ክሩን ያጠብቃል፣ ዘና ሲል ያላላዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ምን አበሳጭቶኝ እንደነበር አላስታውስም፤ ጀርባው ግን እንደ ጋሻ ጠጥሯል።

እንግዲህ መተርተር። ይህን ቃል ስጽፈው ራሱ ሆዴ ይባባል። ለመሥራት ሦስት ማታ፣ ለመተርተር ሃያ ደቂቃ። የተተረተረው ክር ደግሞ ሹሩባዋን እንደፈታች ልጅ ጸጉር ተጥመልምሎ ነው የሚወጣው። እንዲሁ ብትሠሩበት ቀለበቶቹ አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ ይሆናሉ። ስለዚህ ወንበር ጀርባ ላይ ትጠመጥሙታላችሁ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ ታስሩታላችሁ፣ ለብ ባለ ውሃ ትነክሩታላችሁ፣ ሳትጨምቁ ሰቅላችሁ ታደርቁታላችሁ። አራት ቦታ ማሰሩን አደራ። እኔ ሁለት ቦታ ብቻ አስሬ ያነሣሁት ጊዜ የሆነውን አልነግራችሁም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኔ ድር ያሰረው የወንበሩን እግርና የገዛ እጄን ነው።

ክሩ እስኪደርቅ ሌሎቹን ፌስታሎች ብከፍትስ አልኩ። ባልከፈትኩ።

አንደኛው ውስጥ ካልሲ አለ። አንድ። በሚገባ ያለቀ፣ ተረከዙ ያማረ፣ አንድ ካልሲ። ካልሲ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው እያጓጓ ያልቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ከባዶ መድገም ነው። ሌላው ውስጥ ቀይ ኮፍያ፣ ብል የቀመሰው። የሚበርረውን ብል እያባረራችሁ አትድከሙ፤ እሱ አይበላም፣ ሱፉን የሚጨርሰው ጨለማ ውስጥ የተፈለፈለው እጭ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨለማ አዘጋጅቼለታለሁ።

ከሁሉ ያመመኝ ሦስተኛው ነው። ለጨቅላ የተጀመረች ቢጫ ሹራብ። መስመሩ መሃል ላይ ቆማለች። መስመር ሳይጨርሱ ማቆም ነውር ነው። ስትመለሱ ወደየት ትሄዱ እንደነበር አታውቁምና። ክሩ ከቀኝ እጅ መርፌ መውጣት አለበት፤ ገልብጣችሁ ከያዛችሁት ወደመጣችሁበት ትመለሳላችሁ፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል። ምን አስቸኩሏት እንደጣለችው ግን ትዝ አለኝ። ስልክ ተደውሎ "ወለደች!" ተባለ። እንዳለ ጥዬው ሮጥኩ። ያ ጨቅላ አሁን ሶፋ ላይ ይዘላል። እጅጌዋን አንሥቼ አየኋት፤ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ደራርቤ ብከት ትሞላለች። ይህችን ልጨርስ? ለማን? ልተርትር? እጄ እንቢ አለ። አጥፌ መለስኳት።

እህቴ ይህን ሁሉ ቆማ ስታይ ቆየችና "ማሽን የሚሠራውን ነገር ለምን ትሰቃዪበታለሽ?" አለች። ማሽኑማ አለ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። እኔ ሳልወለድ ከአራት መቶ ዓመት በፊት መልሱ ተገኝቶ ነበር። አልጠቀመኝም። ማሽን አይሰለችም፤ የእኔ ችግር ደግሞ መሰልቸት ነው። ልብ ብዬ ሳያቸው ሁሉም የቆሙት አንድ ቦታ ነው፦ ከባዱ ነገር አልቆ የሚደጋገመው ሲቀር። ንድፉ ገብቶኛል፣ ቀለሙን አይቼዋለሁ፣ የሚመስለውን ለምጄዋለሁ። የቀረው ልብሱ ብቻ ነው። ሰነፍ አትበሉኝ፤ ሰነፍ ሰው አራት ሹራብ አይጀምርም።

አንድ ሌላ ጉድ ልጨምር። የግራጫው ክር ለእጅጌ አይበቃም። ተጨማሪ ልገዛ የክሩን መጠቅለያ ወረቀት ሳነብ የቀለም ማቅለሚያ ዙር ቁጥር የሚባል ነገር አለ። አንድ ዙር ላይ አብሮ የተቀለመ ክር ብቻ ነው በትክክል የሚመሳሰለው። ያ ዙር ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው የተቀለመው። እንግዲህ እጅጌዬ ትንሽ ደመናማ ግራጫ ይሆናል። ይሁን። ሆን ብላ ነው ይሉኛል።

ትናንት ማታ ክሩ ደረቀ። ቀጥ ብሏል፣ አምሯል። የቀረኝ ትክክለኛው 4 ሚሊ ሜትር መርፌ ብቻ ነበር። ቤቱን ገልብጬ ፈለግኩት። መጨረሻ ላይ ሶፋው ትራስ ሥር፣ ባለፈው ወር የጀመርኩት አረንጓዴ ስካርፍ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። ስካርፉ ግማሽ ደርሷል። በጣም ያምራል።

አየሁት። ግራጫውንም አየሁት። ከዚያ ስስ ክር አመጣሁና የስካርፉን ቀለበቶች አንድ በአንድ ሰካሁ፣ ጫፉን ቋጠርኩ፣ መርፌውን መዘዝኩ። ስካርፉን ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ አደረግኩት።

እህቴ ከበሩ ላይ "የመርፌውን ቁጥር ጻፊበት እንጂ" አለች።

"አስታውሰዋለሁ" አልኳት።